ሱልጣኖቹን እናውቃቸዋለን፣ አስታራቂዎቹንስ? ከይፋት ቆላ እስከ አዝሀር ሪዋቅ



ስለ ይፋት በጻፍን ቁጥር ከወጣቶች የሚደርሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስንት ሱልጣን ነገሠ? ማን ማንን አሸነፈ? ሠራዊቱ ስንት ነበር? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ እኛም በልጅነታችን እነዚህኑ ነበር የምንጠይቀው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሰው ልናወራ ነው፤ ሰይፍም ዙፋንም ስላልነበረው፣ ጀመዓ ሲቀመጥ ግን መሐል ላይ ስለሚቀመጠው ሰው። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያዳምጥ የሚያደርግ፣ ወሬ ሲመጣ «ከማን ሰማኸው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ሁለት ወገን ሲጣላ በሁለቱም ቤት ቡና የሚጠጣ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ጀመዓ ምን እንደሚሆን የይፋት ታሪክ ራሱ ይነግረናል።

በመጀመሪያ ቦታውን እናስታውስ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ ጣርማበርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ብርዱ ለቆ ሙቀቱ ፊት ላይ ሲመታ የሚገኘው አገር ነው፤ ሸዋ ሮቢት፣ ቀወት፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ እስከ አፋር ሜዳ። ዛሬ መንገደኛ ውሃ ገዝቶ፣ ማሾ በኪሎ ጠይቆ ያልፋል። ከ700 ዓመት በፊት ግን ከዘይላዕ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ የሚያልፍበት በር ይኸው ነበር። በሸንተረሮቹ ላይ በድንጋይ የተሠሩ የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ አስባሪ፣ መሳል፣ ኖራ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ፎቬልና ሂርሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ስለነዚህ ከተሞች ጽፈዋል። የአካባቢው ሰው ግን ከእነርሱ በፊትም ያውቃቸው ነበር፤ ከብት ሲያግድ በመስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር ያረፈ ሁሉ ያውቃቸዋል። የወላስማዎች ስም የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮችም በዚሁ በይፋት ምድር ተገኝተዋል።

ከይፋት በፊት የነበረው የሸዋ ሱልጣኔት መኽዙሚ ይባላል፤ ነገሥታቱ ዘራቸውን ከመካ በኑ መኽዙም ይቆጥሩ ነበር። «ዚክሩ ተዋሪኽ» የሚባለውና ጣሊያናዊው ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል የዚህን ሱልጣኔት የመጨረሻ ዓመታት ይተርካል። ሲያነቡት ያሳዝናል። ዓመት እየተጠራ እገሌ እገሌን ወጋ፣ እገሌ ሸሸ፣ እገሌ ተመለሰ ይላል። የአንድ ቤት ሰዎች እርስ በርስ ሲዋጉ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1285 የይፋቱ ወላስማ መጥቶ ሁሉንም ጠቀለለ። የውጭ ጠላት አልነበረም ያጠፋቸው፤ ሙስሊም ጎረቤታቸው ነው፣ ያውም እርስ በርስ ከደከሙ በኋላ።

እዚህ ላይ በኑ መኽዙም ከተነሣ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልቻልንም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይነት ሳይመጣላቸው በፊት፣ በ35 ዓመታቸው፣ ቁረይሾች ካዕባን ሲያድሱ ጥቁሩን ድንጋይ ማን ያስቀምጥ በሚል ሊተራረዱ ደርሰው እንደነበር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጨርቅ አንጥፈው፣ ድንጋዩን አስቀምጠው፣ የየጎሳው ሰው የጨርቁን ጫፍ እንዲይዝ አድርገው፣ በመጨረሻ በእጃቸው ቦታው ላይ አኖሩት። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ጎሳዎቹ በደም እጃቸውን ነክረው ሲማማሉ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «በዚህ በር መጀመሪያ የሚገባው ሰው ይዳኘን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሽማግሌው አቡ ኡመያ ኢብኑል ሙጊራ ይባላል፤ መኽዙሚ ነው። ፍርዱን አልሰጠም፤ እኔ ልዳኝ አላለም፤ የራሱን ጎሳም አላስቀደመም። ሁሉም የሚስማማበትን ሥርዓት ብቻ አመለከተና ተቀመጠ። የሸዋ መኽዙሚዎች ዘራችን ነው ብለው የኮሩበት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ነበረው፤ እነርሱ ግን በቸገራቸው ቀን አንድም አልተገኘላቸውም።

ወደ ይፋት እንመለስ። ስለ ይፋት ጥሩ ወሬ የተወልን የደማስቆው ተወላጅ አል-ዑመሪ ነው፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1349 ነው። ኢትዮጵያን አላያትም፤ በካይሮ ከሐበሻ የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ ነው የጻፈው። ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራል፦ ይፋት፣ ደዋሮ፣ አረባብኒ፣ ሀዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊ፣ ዳራ። የይፋት ስፋት የ15 ቀን በ20 ቀን መንገድ እንደሆነ፣ ንጉሡ ወርቅ በፈሰሰበት የብረት ዙፋን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ታላላቆቹ አሚሮች በዙሪያው ዝቅ ባሉ ወንበሮች ላይ እንደሚሆኑ ይነግረናል። የይፋት ሰዎች ስለሚቅሙት ጫትም ይጽፋል። ለየመኑ ንጉሥ ጫት ቀርቦለት ጥቅሙን ሲጠይቅ የምግብ፣ የመጠጥና የሴት ፍላጎት ይቀንሳል ቢሉት፣ በዱንያ ላይ ደስ የሚለኝ እነዚህ ሦስቱ ሆነው ሳለ እንዴት እበላዋለሁ ብሎ መለሰው ይላል። (የጫቱን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉ።)

ይኸው አል-ዑመሪ ግን ልብ የሚነካ ነገርም ተናግሯል። እነዚህ ሰባት ግዛቶች የተዳከሙት ስለማይስማሙ ነው፤ ቃላቸው አንድ ቢሆን ኖሮ ራሳቸውን መከላከል ይችሉ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፣ አንዱ በሌላው ላይ ይፎካከራል ይላል። ሰባት መንግሥት፣ አንድ ዲን፣ አንድ ቂብላ፣ ብዙ ቃዲና ብዙ ፈቂህ ያለበት አገር ነው። ቃዲ ደግሞ የሚፈርደው በራሱ ሱልጣን ግዛት ነው፤ በሁለት ሱልጣኖች መካከል የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ የሚሊሻና የፈረስ ብዛት ምንም አላደረገም። ዐምደ ጽዮን ከሱልጣን ሰብረዲን ጋር በተዋጋ ጊዜ ሰብረዲን ተሸንፎ ታሰረ፤ በቦታውም ወንድሙ ጀማለዲን ተሾመ። ወንድም በወንድም ሲተካ ነገሩ ምን ያህል ቁስል እንደሚተው የቤተሰብ ጠብ ያየ ሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው እናገኛለን። ፈቂህ ዐብደላህ አዝ-ዘይላዒ። አል-ዑመሪ ስለ ሰባቱ ግዛቶች ከሰማው ብዙውን የሰማው ከዚህ ዓሊምና ከባልደረቦቹ ነው። ዐብደላህ በካይሮ ሳለ የሐበሻው ንጉሥ መልእክተኛ ወደ ግብፅ መጣ። ዐብደላህም ለአገሩ ሙስሊሞች ሲል ተነሣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ወገኑ የተጎዳበት ሰው ከኃያሉ የማምሉክ ሱልጣን አጠገብ ቢደርስ ምን የሚጠይቅ ይመስላችኋል? አብዛኞቻችን ጦር ላክልን፣ ወይም በአገርህ ያሉትን ክርስቲያኖች ቅጣልን እንል ነበር። ዐብደላህ ያሰበው ሌላ ነው። ንጉሡ የማንን ቃል ይሰማል? ብሎ ጠየቀ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምታስመጣው ከእስክንድርያ ፓትርያርክ ዘንድ ነበር፤ ያ ሥርዓት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቷል። ስለዚህ የሐበሻ ንጉሥ የፓትርያርኩን ቃል በቀላሉ ሊጥለው አይችልም። ዐብደላህ በሱልጣኑ ቤት ተመላለሰና ፓትርያርኩ ለንጉሡ እንዲጽፍ አስደረገ። ፓትርያርኩም ሙስሊሞችን ከመጉዳት እንዲቆጠብ የሚገሥጽ ደብዳቤ ጻፈ። የሙስሊም ዓሊም ጉዳይ በክርስቲያን ፓትርያርክ እጅ ተጻፈ ማለት ነው።

ደብዳቤው ጦርነቱን አላስቆመም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ደም ፈስሷል። እኛ ግን ይህን ሰው የምናደንቀው ስለተሳካለት አይደለም። በር ሁሉ በተዘጋበት ሰዓት ሦስተኛ በር ፈልጎ ስላንኳኳ ነው። ስለ እርሱ የሰማነውም በአጋጣሚ ነው፤ አል-ዑመሪ ሰው ጠያቂ ባይሆን ኖሮ ስሙ እንኳ አይደርሰንም ነበር። ከእርሱ በፊትና በኋላ ስንት እንዲህ ያሉ ፈቂሆች በሁለት መንደር መካከል ሲመላለሱ ኖረው ያለ ስም ተቀበሩ?

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን በአጭሩ እንለፈው፤ ደስ የሚል አይደለም። አል-መቅሪዚ እንደጻፈው ወጣቱ ሐቀዲን ዕውቀት ፈላጊ ነበር፤ ከአጎቱ ከሙላ አስፋህና ከአያቱ ከሱልጣን ዐሊ ጋር ተጣላ። ነገሩ በሽምግልና አላለቀም፤ በጦር ሜዳ አለቀ፣ አጎቱም ተገደለ። ሐቀዲን አያቱን አልነካም፤ በአሮጌው ከተማ ላይ ትቶት ራሱ ወሐል የሚባል ከተማ ሠራ፤ ሰዉም ተከትሎት ሄደ። አሮጌዋ የይፋት ከተማ ባዶዋን ቀረች። ሐቀዲን እ.ኤ.አ. በ1374 በጦርነት ሞተ። ወንድሙ ሰዕደዲን ዘይላዕ ድረስ ተሳዶ እዚያው ተገደለ፤ ልጆቹም ወደ የመን ተሻገሩ። ሲመለሱ ይፋት አልገቡም፤ ወደ ምሥራቅ ወርደው አዳልን አቆሙ።

መንግሥት ፈረሰ። ሕዝቡስ? ይህ ጥያቄ ወደ ካይሮ ይወስደናል።

የጥንት ዐረብ ጸሐፊዎች ይፋትን በሌላ ስምም ይጠሩታል፤ ጀበራ ወይም ጀበርት። «ጀበርቲ» የሚለው ስም መነሻው ይኸው አገር ነው፤ ኋላ ላይ ስሙ ሰፍቶ የሐበሻ ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በአል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ ከየአገሩ ለሚመጡ ደረሶች ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ነበር፤ የሻሞች፣ የመግሪቦች፣ የቱርኮች፣ እና የጀበርቶች። ሪዋቅ የአንድ አገር ልጆች በባዕድ አገር ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የአያቶቹ አገር ሰዎች በመካ፣ በመዲናና በአዝሀር ሪዋቅ እንዳላቸው፣ ዙህድ የሚወዱና በእግራቸው ሐጅ የሚሄዱ ሰዎች እንደሆኑ ጽፏል።

እያንዳንዱ ሪዋቅ የራሱ ሸይኽ ነበረው። የሪዋቅ ሸይኽ ሥራ ማስተማር ብቻ አይደለም። ለደረሶቹ የሚመደበውን ዳቦ ያከፋፍላል። ዳቦ ማከፋፈል ቀላል ይመስላል፤ ግን የተራበ ደረሳ ሁሉ የጎኑን ሰው ዳቦ በዓይኑ ይለካል። ዛሬ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ከመጣው እኩል ይውሰድ ወይስ አይውሰድ? የታመመው ድርሻ ለማን ይቆይ? የወቅፍ ገቢ ሲቀንስ ከማን ይቀነስ? ከዚህ ላይ የመጽሐፍ ውሰት፣ የመኝታ ቦታ፣ የሌሊት ጫጫታ፣ ከሌላ ሪዋቅ ልጆች ጋር የሚነሣ ጠብ አለ። የሪዋቁ ሸይኽ በደረሶቹ መካከል ዳኛ፣ በአዝሀር ሸይኽ ፊት ደግሞ ጠበቃቸው ነው። ከውስጥ ሲቆጣቸው ከውጭ ይሸፍናቸዋል።

የታሪክ ጸሐፊው ሰባተኛ አያት፣ እርሱም ስሙ ዐብዱረሕማን፣ በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጂዳና በመካ በኩል አድርጎ ካይሮ ገባ፤ በሪዋቁ ተቀመጠ፤ በመጨረሻም ሸይኹ ሆነ። ኃላፊነቱ በቤተሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ። የጸሐፊው አባት ሐሰን አል-ጀበርቲ (1698-1774) በሒሳብና በፈለክ ዕውቀት የታወቀ ዓሊም ነበር። ልጁ ዐብዱረሕማን (1753-1825) ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር ያየውን ሁሉ መዘገበ፤ ዛሬም የግብፅን የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእርሱ መጽሐፍ አያመልጥም። ጽሑፉን ያነበቡ ሰዎች የሚያደንቁት ሚዛኑን ነው፤ ፈረንሳዮችን እየጠላቸው ፍርድ ቤታቸው በሥርዓት መሥራቱን አይደብቅም፣ የገዛ ወገኑን ጥፋትም አይሸፍንም። ይህ ጠባይ ከየት መጣ? እኛ እንደምናስበው ትውልድ በትውልድ የደረሶች ጠብ ሲሰማበት፣ የሁለቱንም ወገን ቃል ሳያዳምጡ መፍረድ ነውር በሆነበት ቤት አድጎ ነው። ግምታችን ነው፤ የሚከራከረን ካለ እንሰማለን።

አስቡት፤ የይፋት ዙፋን ከፈረሰ በኋላ ሌላ መቶ፣ ሌላ ሁለት መቶ ዓመት፣ በስሙ የሚጠራ ጀመዓ በካይሮ ቆየ። ወታደር የለው፣ ግብር አይሰበስብ። ያቆየው ወቅፍና ዳቦ፣ መጽሐፍና ሸይኽ ነው።

በአገር ቤት ደግሞ ወላስማ የሚለው ስም አልጠፋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813-1847) የይፋትን ቆላ የሚያስተዳድረው ሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ አበጋዝ ነበር። ከባሕር የሚመጣ ነጋዴና መልእክተኛ ሁሉ ከእርሱ እጅ ሳያልፍ አንኮበር አይደርስም። ደጋው ላይ ክርስቲያን ንጉሥ፣ ሜዳው ላይ የአፋር ጎሳዎች፣ መሐል ላይ የይፋት ሙስሊም ሹም። ሰውየው ጨካኝ ጎን ነበረው፤ የጎንጮ እስር ቤት በእርሱ ጥበቃ ሥር ነበር፤ ቅዱስ አናደርገውም። ሆኖም የሁለቱን ወገን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ንግዱ አልተቋረጠም።

ንግዱ በረሓውን የሚያቋርጠው በራስ አል-ቃፊላ ነው፤ የቅፍለት መሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስና ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ሐኪሙ ጆንስተን ከታጁራ እስከ ፋሬ ያዩትን ጽፈዋል። ሁለቱም ደጋግመው የሚያማርሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ስብሰባ። ግመል ይጫናል፣ ከዚያ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ቁጭ ይላሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ቀኑ ያልፋል። ፈረንጆቹ ጊዜ ማባከን መሰላቸው። እኛ ስናነበው የሚታየን ሌላ ነው። በዚያ በረሓ አንድ የውሃ ጉድጓድ የአንድ ጎሳ ነው፤ ቀጣዩ የሌላ። የቅፍለቱ መሪ ሰውን ሁሉ አስቀምጦ፣ ቅሬታ ያለውን አስተንፍሶ፣ የጨርቁንና የትንባሆውን ስጦታ ማን እንደሚወስድ ሳያስማማ ቢነሣ፣ ማታ በመኝታ ቦታ ደም ይፈሳል። በጉዞ ያለ ሰው አሚር እንዲሾም ዲናችን የሚያስተምረን ለዚህ አይደል? ራስ አል-ቃፊላ ጠመንጃው ከሌላው አይበልጥም፤ የሚበልጠው በሁሉም ጎሳ ዘመድ ወይም ባለ ቃል ኪዳን ስላለው ነው።

የአፋሮቹ ክብ ዛሬም አለ። ማሮ ይባላል። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መሐል ሆኖ የሚመራው መካባንቱ ይባላል፤ የሚፈረደው መደዓ በሚባለው የቆየ ሕጋቸው ነው። ከተጣሉት ሁለት ጎሳዎች ውጭ የሆኑ ሽማግሌዎች እንዲገኙበት ይደረጋል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በማሮ ላይ የተሳደበ ሰው በዋናው ጉዳይ እውነት ቢኖረው እንኳ ለስድቡ ለብቻው ይቀጣል። ይህቺን ደንብ ደጋግማችሁ አንብቧት። ሐቅ ያለው ሰው በሐቁ ተከልሎ መሳደብ አይችልም ማለት ነው።

ሌላው ዳጉ ነው። በሮቢት ገበያ ያደግን ሁላችንም አይተነዋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ጥላ ፈልገው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ። ሲጨርስ ተራው ይለወጣል። ልጆች ሆነን ሥራ ፈቶች ይመስሉን ነበር። በኋላ እንደተረዳነው በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ነው የሚነገረው፤ የተሰማ ከሆነ ከማን እንደተሰማ ይጠየቃል። ሐሰት በዳጉ ያሰራጨ ሰው ቃሉ አይታመንም፣ ጉዳት ካደረሰም በጎሳው ፊት ይጠየቃል። የሐዲስ ዑለማዎች ኢስናድ እያሉ ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ጥያቄ አንድ ፊደል ያልቆጠረ ግመል ነጂ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይጠይቀዋል።

ወደ ወሎ ወጣ ስንል ደግሞ አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ጠብ ወዳለበት ሳይጠሩ ይሄዳሉ፤ ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀርባል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በእነርሱ ፊት ይታረቃሉ። በይፋትም ሸኾቻችን ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ሐድራውን የሚመራው ሸኽ የሠርግም፣ የድንበርም፣ የደምም ዳኛ ነበር።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ሽማግሌ ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ለወገኑ ያደላ፣ በግብዣ የተገዛ፣ የድሃን ሐቅ ለሀብታም የፈረደ፣ የሴትን ቃል ሳይሰማ «ታረቁ» ያለ ሽማግሌም ነበር። ወጣቱ ዛሬ «ሽምግልና» ሲባል ፊቱን የሚያጠቁረው ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም አስታራቂ ማለት የሚለሳለስ ሰው ማለት አይደለም። መካባንቱ ይቀጣል፤ የሪዋቁ ሸይኽ አጥፊውን ከቤት ያስወጣል። ሰው ቅጣቱን የሚቀበለው ነገ እኔ ብበደል ለእኔም እንዲሁ ይቆማል ብሎ ስለሚያምን ብቻ ነው። ያ እምነት አንድ ጊዜ ከጠፋ ሸንጎው የዛፍ ጥላ ብቻ ይሆናል።

በቅርቡ ዘመን ያየነውን ደግሞ እናንሣ። በ2004 ዓ.ም. የአወሊያ ጥያቄ ሲነሣ ሕዝቡ 17 አባላት ያሉት መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። በየጁሙዓው የሚሰበሰበው ያ ሁሉ ሰው፣ ያውም ወጣት፣ ያውም የተቆጣ፣ ድንጋይ ሳያነሣ መግባትና መውጣቱ በራሱ የመጣ አይደለም፤ የሚያምነው ሰው ቁጭ በል ሲለው ስለተቀመጠ ነው። ኮሚቴዎቹ በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ፤ በ2007 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከዚያም በተለያየ ጊዜ ወጡ። በ2010 ደግሞ ከመጅሊሱም፣ ከኮሚቴውም፣ ከገለልተኛ ወገንም የተውጣጣ 9 አባላት ያሉት ኮሚቴ በሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ዓመታት የተካሰሱ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ዑለማው በአዲስ አበባ ተሰብስበው አዲስ መጅሊስ ሲመሠርቱ ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ውዝግብ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የእርቅ ቀን እንደ ሠርግ ቀን ነው፣ ትዳሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

በእኛው አካባቢ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬና አካባቢዋ ሲነዱ፣ እሳቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ወሬው ከጥይቱ ቀድሞ ይደርስ ነበር። እገሌ መንደር ተጨፈጨፈ ይባላል፤ ማን አየ? አይታወቅም። ጎረቤት ከጎረቤቱ ሸሸ፤ ለዓመታት በአንድ ሰፌድ ቡና ቁርስ የበላ ሰው በር ዘግቶ ተቀመጠ። በአንዳንድ ሰፈር ግን ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ወጥተው መንገድ ላይ ቆሙ፤ የሰፈራቸውን ልጆች በስም እየጠሩ መለሱ፤ የጎረቤታቸውን ቤተሰብ በቤታቸው አሳደሩ። ስማቸውን አንጠራም፤ በሕይወት ያሉ፣ ከእኛው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ መጠራትም አይወዱም።

ግን አንድ ነገር ያሳስበናል። የወላስማዎቹ ስም በድንጋይ ተቀርጿል። የፈቂህ ዐብደላህን ስም አል-ዑመሪ ጻፈልን። የሪዋቁን ሸይኾች የልጅ ልጃቸው መዘገባቸው። በእነዚህ ባለፉት መቶ ዓመታት በቀወት፣ በይፋት፣ በአርጎባ፣ በአፋር ድንበር ላይ በእግራቸው እየተመላለሱ ደም ያደረቁት ሸኾች፣ ቃዲዎችና መካባንቱዎች ግን የት ተጻፉ? እነርሱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ 80 እና 90 ዓመታቸው ነው።

ስለዚህ ከዓሱር በኋላ አያትህ ዘንድ፣ አያትሽ ዘንድ ቁጭ በሉና ጠይቁ። በእናንተ ቀበሌ ማን ያስታርቅ ነበር? የት ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር? የመጨረሻው የደም እርቅ በማንና በማን መካከል ሆነ? ካሳው ስንት ከብት ነበር? ሴቶቹ ምን ብለው ነበር? በስልካችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ያዩትን ከሰሙት ለይተው እንዲነግሯችሁ ጠይቋቸው፤ የሰሙትን ከማን እንደሰሙትም ጻፉ። ለገጻችን ላኩልን፤ እያጣራን፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ፣ ኢንሻአላህ በየሳምንቱ እናወጣዋለን።

ወላሁ አዕለም።